ከሉሕ እስከ ዱቤ ደብተር

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ዛሪማና ወደ ዓዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ ሊማሊሞን ዝም ብሎ አያልፈውም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የደፈረ ወደ ታች ያያል፣ ያልደፈረ ዓይኑን ጨፍኖ እንደየእምነቱ ይጸልያል። የደጋው ብርድ ከላይ ይቀራል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ጨርሰው እፎይ ሲሉ ድብ ባሕር ናት።

አገሩ የመንገድ አገር ነው። መኪና ከመምጣቱ በፊት ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚዘልቀው የነጋዴ ጉዞ ተከዜን ተሻግሮ ሊማሊሞን ይወጣ ነበር። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። ጨውና ጨርቅ፣ ቡናና ዝባድ ጭነው በዚህ መስመር ይመላለሱ ከነበሩት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ንግዳቸው ከአገር አገር እንደተጓዘ ሁሉ ሶላታቸውና ቁርኣናቸውም አብሯቸው ተጉዟል።

በረመዳን ሦስተኛ ሳምንት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የተቀመጥነው ከአንድ አዛውንት ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ፣ ገበያተኛ ከሚያርፍባት አግዳሚ ላይ ነው። ሱቋ ትንሽ ናት። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በዚህ ወር ደግሞ ተምር ይሸጥባታል። እኛን ወደዚያ የሳበን ግን የዱቤ ደብተራቸው ወሬ ነው።

ደብተሩ ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በላስቲክ የተለበጠ ነው። ሲገለጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የማንም ዕዳ የለም። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በዐረብኛ የተጻፉ ሦስት የቁርኣን አንቀጾች አሉ፤ ከሥራቸው የአማርኛ ትርጉማቸው ተከትሏል። የባለደብተሮቹ ስም የሚጀምረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ገጽ ነው።

“ሁሉንም በእጄ ነው የጻፍኩት። ደብተር በቀየርኩ ቁጥር እንደገና እጽፈዋለሁ። ገጹን ቀድዶ ወደ አዲሱ መለጠፍ ይቻል ነበር፤ ግን እሱ አይሆንልኝም፤ መጻፍ አለብኝ” ይላሉ።

ስማቸውን ስንጠይቃቸው እጃቸውን አወዛወዙ። “ስሜን ተወው ልጄ። ይዩልኝ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። የምትጽፈው ካለህ ስለ ጽሑፉ ጻፍ።” እኛም ቃላቸውን አክብረናል።

ሦስቱ አንቀጾች

አንቀጾቹ ከሱረቱል በቀራህ የተወሰዱ ናቸው፤ 280ኛው፣ 281ኛውና 282ኛው። የመጀመሪያው፣ ተበዳሪው ችግር ላይ ከሆነ እስኪያልፍለት ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል፤ ዕዳውን ጨርሶ መተው ደግሞ ለአበዳሪው ለራሱ የበለጠ መልካም መሆኑን ይነግረዋል። ሁለተኛው አጭር ነው። ሰው ወደ አላህ የሚመለስበትን፣ ነፍስ ሁሉ የሥራዋን የምታገኝበትን ቀን እንዲፈራ ያሳስባል። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ በመጨረሻ የወረደው ይህ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ሦስተኛው የዕዳ አንቀጽ በመባል የሚታወቀው ነው። በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ሲሆን ዛሬ በብዙዎች እጅ በሚገኘው የመዲና ሙስሐፍ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል። ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን ይናገራል ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ስለ ጀነት ወይም ስለ ጀሀነም ይመስለዋል። የሚናገረው ግን ስለ ብድርና ስለ መጻፍ ነው። እስከ ተወሰነ ጊዜ የተበዳደራችሁ እንደሆነ ጻፉት ይላል። ጸሐፊው በትክክል ይጻፍ፤ አላህ ያሳወቀው ሰው ጻፍ ሲባል እምቢ አይበል። የሚያስጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ ይሁን፤ ምንም አያጉድል። ማስጻፍ የማይችል አቅመ ደካማ ቢሆን ጠባቂው በፍትሕ ያስጽፍለት። ምስክሮች ይኑሩ፤ ሲጠሩም አይቅሩ። ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ መጻፍ አይሰልቻችሁ። እጅ በእጅ የሚደረገውን ንግድ ባትጽፉት ግን ኃጢአት የለባችሁም። ምስክርም ጸሐፊም በሥራው አይጎዳ። የቀጥታ ትርጉሙ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው።

አዛውንቱ ይህን የሚያነቡት እንደ ሱቃቸው ደንብ ነው። ዱቤ የሚወስድ ሰው ሲመጣ ዋጋውን ያውቁታል፤ ነገር ግን አይናገሩም። “ያለብህን አንተው በል” ይሉታል። ሰውየው “አንድ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ይህን ያህል ብር” ይላል። እርሳቸው ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ጮክ ብለው ያነባሉ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሰው ይሰማል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይህን ሥርዓት ለምዶታል። “ያዘዘኝ እኮ ባለዕዳው እንዲያስጽፍ ነው። እኔ ብናገርና እሱ ዝም ቢል የእኔ ቃል ይሆናል። እሱ ሲናገር ግን የራሱ ቃል ነው። ከራሱ ቃል ጋር ማን ይጣላል?”

ምጣድ፣ ሙጫና መቃ

መጻፍን የተማሩት በሉሕ ነው። ሉሕ የቁርኣን ቤት ልጅ ደብተር ነው፤ ከቀላል እንጨት ተጠርቦ የለዘበ፣ መያዣ የወጣለት ሰሌዳ። የእርሳቸው ከዋንዛ የተጠረበ ነበር። ቀለሙ ከገበያ አይገዛም። ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት ከግራር ሙጫና ከውሃ ጋር ይታሻል። ሙጫው ካነሰ ጽሑፉ ይራገፋል፤ ከበዛ ሉሑ ሲታጠብ አልለቅ ብሎ ያስቸግራል። ብዕሩ ጫፉ በሰያፍ የተቆረጠ መቃ ነው።

ትምህርቱ ከፊደል ይጀምራል፤ ከአሊፍ፣ ከባእ፣ ከታእ። ከዚያ ፊደሉን ከነድምፅ ምልክቱ መቁጠር ይመጣል። ቀጥሎ ፋቲሓ፤ ከዚያም ከሙስሐፉ መጨረሻ፣ ከአጫጭሮቹ ሱራዎች ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ መውጣት ነው። መጀመሪያ ሼኹ ይጽፉለታል፤ ልጁ ያነባል። እጁ ሲጠና ሼኹ ይናገራሉ፤ ልጁ ይጽፋል። የጻፈውን ይዞ ጥላ ሥር ይቀመጥና እየተወዛወዘ ሲቀራ ይውላል። በማግሥቱ ሉሑን ለሼኹ ሰጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ በቃሉ ያሰማል። አንዲት ፊደል ካልሳተ እንዲያጥብ ይፈቀድለታል። ከሳተ ሉሑ ሳይታጠብ ያድራል።

“ማጠብ ትልቅ ነገር ነበር” ይላሉ አዛውንቱ። “የታጠበ ሉሕ ይዞ ቤቱ የሚገባ ልጅ እናቱ ከሩቅ ታውቀዋለች። ትላንት የጻፈው በልቡ ገብቷል ማለት ነው። ውሃውም ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ከዛፍ ሥር ነው። እኔ አንድ ሱራ ሦስት ቀን ሳላጥብ ያደርኩበት ጊዜ አለ። እሱን ሱራ እስካሁን አልስተውም።”

በጎንደር አካባቢ ይህ ሥርዓት ብቻውን የኖረ አይደለም። ከድብ ባሕር ወዲያ፣ ከዛሪማ ማዶ ዋልድባ አለ። መነኮሳቱና የአብነት ተማሪዎቹ በዚሁ መንገድ ይመላለሳሉ። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ ቁራሽ እንደሚለምን ሁሉ ከሩቅ የመጣ የቁርኣን ደረሳም በአካባቢው ሰው ምግብ ነው የሚያድረው። በዚያ በኩል ያለው ጸሐፊ ብራና ይዳምጣል፤ በዚህ በኩል ያለው ሉሕ ያለዝባል። ሁለቱም ጥላሸትና ሙጫ ያውቃሉ፤ ሁለቱም መቃ ይቀርጻሉ። በሙሴ ሕግ፣ በኦሪት ዘዳግም፣ የሚነግሥ ሰው የሕጉን መጽሐፍ ለራሱ እንዲገለብጥ፣ ከእርሱ ጋር እንዲያኖረውና ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነብበው ታዟል፤ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ፣ ከትእዛዙም ፈቀቅ እንዳይል። አዛውንቱ ነጋዴ ንጉሥ አይደሉም። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ዕዳ በእጃቸው ነው፤ በችግር ጊዜ ይህም ቀላል ሥልጣን አይደለም።

ለአንገት ወይስ ለልብ?

ስለ ተጻፈ የእምነት ቃል ሲነሣ በአገራችን ወዲያው የሚታወስ ሌላ ነገር አለ፤ ክታብ። በቆዳ ተሰፍቶ ከአንገት ወይም ከክንድ የሚታሰር ጽሑፍ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የቆየ ነው። ከቁርኣን የተጻፈውን እንኳ ማሰር ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም በሚለው ላይ የእስልምና ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል። ያንን ክርክር ለባለቤቶቹ እንተወው።

አዛውንቱ ግን የሼኻቸውን አንድ ምክር አይረሱም። ልጅ ሳሉ ትኩሳት ይዟቸው እናታቸው ክታብ እንዲጻፍላቸው ሼኹን ለመኑ። ሼኹ ዱዓ አደረጉና ሉሕ ሰጧቸው። “አንተው ጻፈው፤ ከዚያ የሚልህን አድርግ” አሏቸው። “ያኔ አልገባኝም ነበር። አድጌ ሳስበው ግን ገባኝ። ታስሮ የተሰፋውን ክታብ ማን ያነበዋል? ምን እንደሚል አታውቅም፤ ስለዚህ ምንም አያዝህም። ሉሑን ግን ጽፈኸዋል፤ አንብበኸዋል። አላውቅም ልትለው አትችልም።”

ቁርኣን የወረደበት ወር

ረመዳን ቁርኣን የወረደበት ወር ነው። በሂራ ዋሻ በመጀመሪያ የወረዱት የሱረቱል ዐለቅ አምስት አንቀጾች ማንበብን ያዛሉ፤ አላህ ሰውን በብዕር ያስተማረ መሆኑንም ይናገራሉ። ሌላዋ ሱራ ስሟ ራሱ አል-ቀለም፣ ብዕር ነው፤ የምትጀምረውም በብዕርና በሚጽፉት ነገር በመማል ነው። የወረደላቸው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አይጽፉም፣ አያነቡም ነበር። አንቀጽ በወረደ ቁጥር ጸሐፊዎችን ይጠሩ ነበር፤ ከእነርሱም ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ዘይድ ኢብን ሣቢት ነው። የተጻፈውም በቆዳ፣ በተምር ዝንጣፊ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በእንስሳ ትከሻ አጥንት ላይ ነበር።

የተጻፈ ገጽ ሰውን ወደ እምነት የሳበበት ታሪክም አለ። በሲራ መጻሕፍት እንደሚተረከው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ ሰይፉን ይዞ በነቢዩ ላይ ሲነሣ እኅቱ ፋጢማና ባሏ መስለማቸውን ሰማ። ቤታቸው ሲደርስ ሱረቱ ጣሃ ከተጻፈበት ገጽ እየቀሩ አገኛቸው። እኅቱን መትቶ አደማት፤ ደሟን ሲያይ አፈረ፤ ገጹን ስጪኝ አላት። ታጥቦ ካነበበው በኋላ በሰይፍ ሊጋፈጥ የተነሣበትን ሰው ሊከተል ሄደ።

ነቢዩ ካለፉ በኋላ በ12ኛው ዓመተ ሂጅራ በየማማ ጦርነት ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ብዙ ሶሐቦች ወደቁ። ዑመር ወደ ኸሊፋው አቡበክር ሄዶ ሐፊዞቹ እንዲህ ካለቁ ቁርኣን ይጠፋብናልና ይሰብሰብ አለ። ሥራው ለዘይድ ተሰጠ። ዘይድ ተራራ አንሣ ቢሉኝ ይቀልለኝ ነበር ማለቱ በሐዲስ ተዘግቧል። የቃል ሸምዳጁንም፣ የድንጋዩንም፣ የቆዳውንም እያስተያየ ሰበሰበ። ቅጠሎቹ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመርም ወደ ልጁ ወደ ሐፍሳ ተላለፉ። በዑስማን ዘመን ከእነርሱ ተገልብጦ ወደ ታላላቅ ከተሞች ተላከ። ዛሬ በድብ ባሕር መስጊድ የሚቀራው ሙስሐፍና በጃካርታ የሚቀራው አንድ የሆነው ያኔ በተሠራው ሥራ ነው።

በአገራችንም መጻፍ የእምነቱ ምሰሶ ሆኖ ቆይቷል። ሐረር ሙስሐፍ የሚጻፍባት፣ የሚጠረዝባት ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1855 የገባባት እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የመጽሐፍ ጥረዛዋን አድንቆ ጽፏል። በወሎ እንደ ሼኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ እየጻፉ ዐረብኛ ለማያውቀው ሰው ሃይማኖቱን በቋንቋው አድርሰውለታል። በጎንደርም በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 በወጣው ትእዛዝ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ሲደረግ የነጋዴውም የቁርኣን ትምህርቱም መንደር አንድ ላይ ሆነ፤ አዲስ ዓለም እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ታሪክ ከዚያ ይነሣል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ የተተረጎመው የአማርኛ ቁርኣን ታተመ። የአዛውንቱ አባት ከዓመታት በኋላ አንዱን ቅጂ ከጎንደር ገዝተው በጨርቅ ጠቅልለው ሊማሊሞን አወረዱት። ልጃቸው የዕዳውን አንቀጽ ትርጉም መጀመሪያ የገለበጡት ከዚያ ነው።

ብዕር እምነትን ምን ያህል ሊያጸና እንደሚችል ከሩቅ አገር አንድ ምስክር እንጥራ። አዩባ ሱለይማን ዲያሎ በዛሬዋ ሴኔጋል በቡንዱ ከተማረ ቤተሰብ የተወለደ ነበር። ተይዞ በባርነት ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሜሪላንድ ተሸጠ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1733 ወደ ለንደን ተወሰደ። ቤቱ፣ አገሩ፣ ነፃነቱ፣ ስሙ ሳይቀር ተወስዶበት ነበር፤ የተቀጠቀጠበት ሉሕ ግን ከልቡ አልታጠበም። በለንደን ቁርኣንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ ሦስት ጊዜ ጻፈው። በ1734 ነፃ ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ደብተሩ የተፈተነበት ዓመት

አዛውንቱ ደብተራቸውን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩን ቀስ እያሉ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዘልቅ የድብ ባሕር ሰው የያዘውን ይዞ ሊማሊሞን ወጣ። እርሳቸውም ቤተሰባቸውን ይዘው ደባርቅ ገቡ። ከሱቁ ይዘው የወጡት ሁለት ነገር ነው፤ የአባታቸውን ሙስሐፍና የዱቤ ደብተሩን። ሲመለሱ መደርደሪያው ባዶ ነበር። በሩም አልነበረም።

“የቀረኝ ሀብት ደብተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ከአርባ የማያንስ ሰው ዕዳ አለበት። ልጆቼ ‘ተነሥና ሰብስብ፤ በእሱ እንቋቋም’ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም እኮ የሰው ዕዳ ነበረብኝ፤ ጎንደር ካለ ጅምላ ነጋዴ የወሰድኩት።”

ደብተሩን በብብታቸው ይዘው ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት አንዲት ሴት ቤት ነበር። ባሏ በዚያ ክረምት ሞቷል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ልጆቿን ይዛ ተቀምጣለች። አዛውንቱን ስታይ ተነሥታ ወንበር አቀረበችላቸው። ለምን እንደመጡ ገብቷታል። “ስንት ነው ያለብን አባቴ? የሚያውቀው እሱ ነበር። እስቲ ያንብቡልኝ” አለቻቸው።

“ደብተሩን ስከፍተው በመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ” ይላሉ። “ሌላ ጊዜ በፍጥነት እገልጠዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ያን ቀን ግን እጄ አልሄደልኝም። የራሴ ጽሑፍ ነው። ‘ችግረኛ ከሆነ’ የሚለውን ቃል በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ፤ ያውም ስንት ጊዜ። ይህችን ሴት ሳየው ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ሙስሐፍ ላይ ባነበው ኖሮ ምናልባት ‘ይህ ስለ ሌላ ሰው ነው’ እል ነበር። በእጄ የጻፍኩትን ግን ምን ልበለው?”

ደብተሩን ከደኑት። “ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት፤ እግዜር ያጽናሽ” ብለው፣ ተቀምጠው፣ ልቅሶ ደርሰው ተመለሱ። ሌላ ቤት አልሄዱም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ይህ ነው። የሞቱትን ስም አንድ በአንድ እያነበቡ ዕዳቸውን ሰረዙ። የሟች ነፍስ ዕዳው እስኪከፈልለት ድረስ በዕዳው ተይዛ ትቆያለች የሚለውን ሐዲስ ያውቁታል፤ “ጎረቤቴን አስሬ ልተኛ አልችልም” ይላሉ። በሕይወት ያሉትን አልሰረዙም። ጊዜ ሰጧቸው። “መሰረዝ ይበልጣል፤ አውቃለሁ። ግን እኔም ድሃ ሆኛለሁ፤ ልጆችም አሉኝ። አላህ የፈቀደልኝ ሁለት በር ነው፤ መተው ወይም መታገሥ። በምችለው ገባሁ።” ከዚያም ጎንደር ሄደው አበዳሪያቸውን ለራሳቸው ጊዜ ለመኑ። ነጋዴው ዓመት ሰጣቸው፤ ለመጀመሪያም ጥቂት ጨውና ሳሙና አበደራቸው።

ከባለዕዳዎቹ አንዳንዶቹ በመጀመሪያው መኸር መጡ። አንዱ ገበሬ ከሁለት መኸር በኋላ መጣ። ዕዳውን ሳይጠየቅ ራሱ ተናገረ፤ ደብተሩ ሲከፈት ያለው ቁጥርና የተጻፈው አንድ ሆኖ ተገኘ። ያቺ ሴት ደግሞ ዕዳው መሰረዙ ተነግሯት እንኳ በየገበያው ቀን ሦስትም አራትም እንቁላል ይዛ ትመጣ ነበር፤ እርሳቸውም በእንቁላሉ ፋንታ ጨው እየሰጡ ሸኟት። እስከ ዛሬ ያልመጡም አሉ። የት እንዳሉ የማይታወቁ አሉ፤ እያላቸው መንገድ የሚቀይሩም አልጠፉም። ሱቁም ወደ ቀድሞው መጠኑ አልተመለሰም።

“አንዳንዴ ይቆጨኛል” አሉን ሳይደብቁ። “የተቀየሙኝ ልጅም አለኝ፤ በዚያ ብር ትምህርቱን እጨርስ ነበር ይላል። ልመልስለት አልችልም። ብቻ ያን ቀን ሴትየዋን ብጠይቃት ኖሮ ይህን ገጽ በአዲሱ ደብተር እንዴት አድርጌ እጽፈው ነበር? ወይ መጻፌን እተዋለሁ፣ ወይ መጠየቄን እተዋለሁ።”

የዘንድሮ ሉሕ

ዛሬ ሙስሐፉ በስልክ አለ። ረመዳን ሲገባ ወጣቱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ የመካን ኢማም ይሰማል፤ ትርጉሙን በአማርኛ ያነባል፤ የፈለገውን አንቀጽ በቁጥሩ ያገኛል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የአዛውንቱ አባት አንድ ትርጉም ለማግኘት ሊማሊሞን መውጣት ነበረባቸው። እርሳቸውም አይከፉበትም። “ስልኩ ጥሩ ነው። እኔም በእሱ አዳምጣለሁ። ግን ቶሎ ያልፋል። ጣትህ ትገፋዋለች፤ ሌላ ይመጣል። ሉሕ ላይ ከአንድ አንቀጽ ጋር ታድራለህ።”

ስለዚህ በዚህ ወር ከልጅ ልጃቸው ጋር አንድ ነገር ጀምረዋል። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በቀን አንዲት አጭር አንቀጽ ትመርጣለች፤ በአንድ ተራ ደብተር በዐረብኛም በአማርኛም ትጽፋለች። ከሥሯ አንድ መስመር ባዶ ትተዋለች። ማታ ከተራዊሕ በኋላ በዚያ መስመር ላይ በዚያ ቀን አንቀጹ ያዘዛትን አድርጋ ከሆነ ምን እንዳደረገች ትጽፋለች። ካላደረገች ባዶውን ይቀራል። አያቷ አይቆጧትም፤ አያርሟትምም፤ ከጠየቀቻቸው ብቻ ያነባሉ።

ደብተሯን ለማየት ለመንናት፤ አፍራ ሰጠችን። በአንዱ ገጽ ወላጅ አልባውን ስላለመግፋት የሚያዝዘው አንቀጽ ተጽፏል። ከሥሩ በእርሳስ፣ “እሷን ዛሬ አላስጠቀስኳትም” ይላል። አንዳች የትምህርት ቤት ነገር መሆኑ ነው፤ አልጠየቅንም። በቀጣዩ ገጽ ያለው መስመር ባዶ ነው። በሚቀጥለውም። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደገና ተሞልቷል።

ፀሐይ ወደ ቆላው ስታዘቀዝቅ የመንደሩ ጭስ ከየቤቱ ይወጣ ጀመር። ሾርባው ተጥዷል። አዛውንቱ ተምሩን በሰሐን አቀረቡ፤ ውሃ ቀዱ። አዛን ሊል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ጎረምሳ እየሮጠ መጣ፤ እናቱ ልካው ነው።

“ግማሽ ኪሎ ስኳር። ጻፉት ብላለች” አለ።

“ምን ልጻፍ? አንተው በል።”

ልጁ ተናገረ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈቱ፤ ወደ ውስጥ ገለጡ፤ ጻፉ፤ የጻፉትንም ጮክ ብለው አነበቡለት። አግዳሚው ላይ ምስክሮቹ እኛ ነበርን። አዛኑ ተሰማ። እስክሪብቶውን ከደኑና “ቢስሚላህ” ብለው ተምሩን አነሡ።